የቲቸር ዘይነባ አማልክት

የዘይነባን ሞት የሰማሁት ጥርሴን ሳላደርግ ነው። ጥርሴ አልጋው አጠገብ ብርጭቆ ውስጥ ተኝቷል፤ እኔ ደግሞ አንዱን ካልሲ አጥልቄ ሌላውን ስፈልግ ስልኩ ጠራ። ስልክ ሲጠራ እኔ መጀመሪያ የማደርገው ነገር ማንሳት አይደለም። መጀመሪያ ልጄ ብሩክ በዚያ ሰዓት የት ሊሆን እንደሚችል በሐሳቤ እፈልገዋለሁ። ካገኘሁት በኋላ ነው የማነሳው። ይህ አመል ከየት እንደመጣብኝ ቆይቼ እነግራችኋለሁ።

የደወለው ሸምሱ ነበር፤ ዓለም ገና ላይ የቆርቆሮና የምስማር ሱቅ ያለው የዘይነባ ወንድም።

«ጋሽ ታደለ፣ ዘይነባ ሄደች» አለኝ።

«የት?» አልኩት። በዚህ ዕድሜዬ የምጠይቀውን ጥያቄ ተመልከቱልኝ።

ሸምሱ «ኢና ሊላሂ» ማለት ጀመረ። ያን ጊዜ ገባኝ። አንድ ደህና ቃል ልናገር ብዬ አፌን ብከፍት ከድዴ መሃል ንፋስ ብቻ ወጣ። እሱ ሲቃ መሰለውና «አይዞህ ጋሽዬ፣ አይዞህ» እያለ የሟች ወንድም እኔን ያጽናናኝ ጀመር። ዘይነባ ብትሰማን በሁለታችንም ትስቅብን ነበር።

ቀብሯ ከአስር ሶላት በኋላ ነው ተባለ። እስከዚያ ያለውን ሰዓት ምን እንደማደርገው ግራ ቢገባኝ ይህን መጻፍ ጀመርኩ። የጨረስኩት ከቀብሩ መልስ ነው።

ሰበታ ውስጥ በአንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ብዙ ዘመን አብረን አስተምረናል። እሷ እንግሊዝኛ፣ እኔ ስፖርት። እሷ መጽሐፍ ታቅፋ ትገባለች፣ እኔ ፊሽካ አንገቴ ላይ አንጠልጥዬ እወጣለሁ። ስለዚህ ተማሪ ፊት «ጋሽ ታደለ» ስትለኝ፣ መምህራን ክፍል ውስጥ ግን «ፊሽካው» ነበርኩ። አጭር ናት፤ ሻሿን ወደ ኋላ አጥብቃ ታስራለች፤ ጠመኔ ከጣቷ አይጠፋም። ደግሞ አንድ ምልክት ነበራት። የሆነ ነገር ሲበላሽ ጠመኔዋን ወደ ጣሪያው ታነሳና «እነሱ ናቸው» ትላለች። ደመወዝ ሲዘገይ፣ «እነሱ ግብዣ ላይ ናቸው።» መብራት ሲጠፋ፣ «እነሱ ተጣልተዋል።» አዲስ የመጣ መምህር «እነማን?» ብሎ ከጠየቀ አለቀለት፤ የሻይ እረፍቱን ይዛበት ትሄዳለች።

«እነሱ» የምትላቸው በአንድ የጥንት የግሪኮች የጦርነት ግጥም ውስጥ ያሉ አማልክት ናቸው። ስማቸውን አልጽፍም። ያኔም ምላሴ ላይ አልያዝ ብለውኝ ነበር፤ አሁን ደግሞ ጥርሱም የለ። በመማሪያ መጽሐፉ ውስጥ ግጥሟ ግማሽ ገጽ ብቻ ነበረች። ዘይነባ ያቺን ግማሽ ገጽ ግማሽ ዓመት አደረገቻት።

እንዴት እንደምታስተምራት ያየሁት በመስኮት ነው። የኳስ ሜዳው ከእሷ ክፍል ጎን ነበርና ተማሪዎቼን ሜዳውን ዙሩ ብዬ እልካቸውና እኔ መስኮቱ ሥር ቆሜ አያለሁ። የራሴ ልጅ ብሩክ እዚያ ክፍል ውስጥ ነበር። የተማሪውን ግማሽ ዴስክ ላይ አቆመችው፤ አማልክት ናቸው። ግማሹን ወለል ላይ አስቀመጠችው፤ ሰዎች ናቸው። ሕጉ ቀላል ነው። ወለል ላይ ያለ ሰው ከተነካ ይሞታል፤ ሞተ ማለት እስከ ደወል ድረስ መናገር የለም። ዴስክ ላይ ያለ ግን ቢነካም ቢገፋም አይሞትም። ብሩክን የደመናው ጌታ አድርጋው መሃል ዴስክ ላይ ቆሟል፤ ጭጋግ አልብሶ የፈለገውን ሰው መደበቅ ይችላል። የእናቱን ነጠላ አውጥቶ ይዞት ሄዷል። ነጠላው የት ገባ ተብሎ ቤት ስንታመስ የሰነበትነው ለካ ለዚህ ነው።

መጀመሪያ ላይ ዴስክ ላይ ያሉት ፈነጠዙ። ይስቃሉ፣ ያዛሉ፣ የጠመኔ ስብርባሪ ይወረውራሉ። ወለል ላይ ያሉት ግን ቀስ በቀስ ጸጥ አሉ። አንዱ ሲሞት ጎኑ ያለው እጁን ይይዘዋል። በመጨረሻ ሁለት ልጆች ብቻ ሲቀሩ ክፍሉ በሙሉ ትንፋሹን ዋጠ፤ እኔም መስኮቱ ሥር ፊሽካዬን ነክሼ ቀረሁ። ይህን ሁሉ ጊዜ ብሩክ እዚያ ላይ ዴስኩ ላይ ሆኖ ያዛጋል።

«የደመናው ጌታ፣ ምን ተሰማህ?» አለችው።

«ምንም፣ ቲቸር። ደበረኝ።»

«ከዴስኩ ውረድ» አለችው። ከዚያ ወደ ክፍሉ ዞረች። «ያያችሁት ይህንን ነው። የማይሞት አካል ምንም አይጎድልበትም። ስለዚህ ቁጣውም ፍቅሩም ጨዋታ ነው። እነሱ እዚያ ላይ የተቀመጡት ወለሉ ላይ ያለው ሰው ምን ያህል እንደሚከብድ እንድናይ ነው።»

እኔ ስዞር ተማሪዎቼ አሁንም ሜዳውን እየዞሩ ነው። ረስቻቸው ኖሯል። አንዱ ትውከት ላይ ደርሶ ነበር።

ነገሩ ወላጆች ጋ ደረሰ። አንድ የሰበካ ጉባኤ አባልና አንድ ሐጂ ተያይዘው ወደ ርዕሰ መምህሩ ቢሮ መጡ። እኔም የጠፋ ኳስ ላስረዳ እዚያው ነበርኩ።

«ልጆቻችን ጣዖት እየተማሩ ነው» አሉ የሰበካው ሰውዬ።

«እውነት ነው፤ የኔዋ ልጅ ቤት መጥታ የባሕር አምላክ ነኝ ትላለች» አሉ ሐጂው።

ዘይነባ ጠመኔዋን እያሻሸች ገባች። «አባቶቼ፣ እኔ አላመልካቸውም፤ እየከሰስኳቸው ነው» አለች። «ደግሞ እነሱን ብቻም አይደለም። ከመካከላችን አንድ ነገር አጥፍቶ ወደ ላይ የሚያመለክት ስንት አለ? ልጆቹ እጃቸውን ከጣሪያው ላይ አውርደው ወደ ደረታቸው እንዲመልሱ ነው የማስተምረው።»

ሐጂው ወደ ሰበካው ሰውዬ አዩ። የሰበካው ሰውዬ ወደ እኔ አዩ። እኔ ወደ ጣሪያው አየሁ። ኳሱን ማን እንደወሰደው እስከ ዛሬ አልታወቀም።

አንድ ጊዜ ርዕሰ መምህራችን ያላጠፋ ተማሪ በጥፊ መታና ሰልፍ ላይ ይቅርታ ጠየቀ። «ሰይጣን አሳስቶኝ ነው» አለና ጨረሰ። ሁላችንም አጨበጨብን። ዘይነባ አላጨበጨበችም። ሻይ ላይ ስንቀመጥ እንዲህ አለችኝ፦

«በግጥሙ ውስጥም አንድ የጦር አለቃ አለ። የራሱን ጀግና አዋርዶ ጦሩን ሁሉ አስፈጀ። ኋላ በሰው ፊት ቆመና፣ እኔ አይደለሁም፣ ሰማይ ላይ ያለው ነው አእምሮዬን የወሰደው አለ።»

«እንግዲህ ያው እንደኛ ነዋ» አልኩ።

«ቆይ፣ አልጨረስኩም። ይህን ካለ በኋላ ሳጥኑን ከፈተ። ካሳውን ከራሱ ድንኳን አስወጣ። አምላክ ገፋኝ ይላል፤ ያደረግኩት ግን እኔ ነኝ ብሎ ይከፍላል። ሁለቱንም በአንድ አፍ። እኛ ግን ሰይጣን ነው እንልና ካሳውንም ሰይጣን እንዲከፍል እንጠብቃለን።»

ሳቅኩ። ያኔ የሚያስቅ ነገር ነበር።

ጡረታ ወጣን። እሷ ዓለም ገና ከወንድሟ ሱቅ በስተኋላ ባለው ቤት ገባች፤ እኔ ሰበታ ቀረሁ፤ ብሩክ የጭነት መኪና ሹፌር ሆነ። አንድ ማለዳ ወደ ሱሉልታ ወጣ። ያን ቁልቁለት የምታውቁ ጭጋጉን ታውቁታላችሁ፤ አስፋልቱን ከነሰዉ ይውጠዋል። አንድ ወጣት የወተት ቢዶኖች በብስክሌቱ ላይ ጭኖ፣ እየገፋ በመንገዱ ዳር ይሄድ ነበር። ለሚ ይባላል። ብሩክ ገጨው። እዚያው ሞተ።

ስልኩ የጠራው ያን ጊዜ ነው። እንግዲህ አመሌ ከዚያ ነው።

ብሩክ ራሱ ለፖሊስ እጁን ሰጠ፤ ታሰረ፤ በዋስ ወጣ፤ የፍርድ ቤቱ ጉዳይ በራሱ መንገድ ይሄድ ጀመር። እኛን እንቅልፍ የነሳን ግን ሌላው ነው። በዚያ አገር ሰው በሰው እጅ ከሞተ፣ ሳይታሰብም ቢሆን፣ በሁለቱ ቤተሰብ መካከል ያለው ደም በፍርድ ቤት አይደርቅም። ሽማግሌ ገብቶ፣ ለምኖ፣ ካሳ ተቆርጦ ጉማ መውረድ አለበት። እስከዚያ ሁለቱ ወገኖች ከአንድ ዕቃ ውሃ አይጠጡም፤ መንገድ ላይ ቢተያዩ አንዱ ይሸሻል። የለሚ አባት ኦቦ ጉደታ አልዛቱም፣ አልላኩም፣ ምንም አላሉም። ያ ዝምታ ነበር የሚያስፈራኝ። የሚዝት ሰው ቢያንስ የት እንዳለ ይታወቃል።

ብሩክ መጋረጃ ዘግቶ ክፍሉ ውስጥ ተቀመጠ። በራችን ላይ መኪና ሞተር ባጠፋ ቁጥር እናቱ ድስት እንደያዘች ትቆማለች። እኔ ደግሞ አጥሩን እየዞርኩ የላላ ቆርቆሮ እፈትሻለሁ። የላላ ካገኘሁ በፊሽካ ክር አስረዋለሁ። ሌባ የማያቆም አጥር ቂም ያቆምልኝ ይመስል።

የመጀመሪያዎቹን ሽማግሌዎች ይዘው የሄዱት የእድራችን ሊቀመንበር አቶ ሰይፉ ናቸው። አንደበታቸው የታወቀ ነው። እሳቸው የሚያስታርቁት ባልና ሚስት እንኳ ከንግግሩ ማማር የተነሣ የተጣሉበትን ይረሳሉ። ማታ ላይ ሲመለሱ ግን ኮፍያቸውን በእጃቸው ይዘው ነበር።

«ምን አሉ?» አልኳቸው።

«እኔ የሚባለውን ሁሉ ብያለሁ። የእግዜር ሥራ ነው፣ ሰው ምን ያደርጋል፣ ጭጋጉ ነው ልጁን የሸፈነው፣ ሹፌሩ ምን ይየው አልኳቸው።»

«እሳቸውስ?»

አቶ ሰይፉ ኮፍያቸውን አዞሩ። «እንግዲያው ጭጋጉን አምጡልኝና ከሱ ጋር ልታረቅ አሉና ወደ ከብቶቻቸው ገቡ።»

ከዚያ ወዲህ የነበሩት ሳምንታት አይወሩም። ሁለተኛ ሽማግሌ ሄዶ እንቢ ከተባለ ሦስተኛ የሚሄድ አይገኝም ይሉኛል። ብሩክ መብላት አቆመ። እኔ በልጅነቴ የማውቃቸውን ጸሎቶች ሁሉ ቀላቅዬ እደግም ጀመር፤ መሃል ላይ የስፖርት ማሟሟቂያ ቆጠራ እየገባብኝ።

ዘይነባ በባጃጅ መጣች። ዱላ ይዛለች፤ ጉልበቷ ከኔም ብሶ ነበር። የብሩክን እናት ሳመቻት፤ ለኔ «ከሳህ፣ ፊሽካው» አለችኝና ቀጥታ ብሩክ ክፍል ገባች። መጋረጃውን ከፈተችው።

«ምን ሆነ?» አለችው።

«ቲቸር፣ ጭጋግ ነበር…»

«ጭጋጉን ሰምቻለሁ። አንተ ምን አደረግህ?»

«አይታይም ነበር። ከየት እንደመጣ…»

«ብሩክ፣ ከዴስኩ ውረድ።»

ልጄ የሚስት ዕድሜ ያለፈው ሰው ነው። ያን ቀን ግን እንደ ተማሪ ከአልጋው ወርዶ ወለሉ ላይ ተቀመጠ።

«ከፊቴ የነበረው መኪና ይጎተታል» አለ። «ልቀድመው ወጣሁ። ማየት አልችልም ነበር፤ ግን ወጣሁ። ነዳጁን ረገጥኩት።»

እናቱ በር ላይ ነበረች። «ለምን ታስጨንቂዋለሽ? እሱ እኮ እየሞተ ነው» አለቻት።

«አልሞተም» አለች ዘይነባ። «የሞተው ለሚ ነው።»

ልሸኛት ወጣሁና በሩ ላይ ባጃጅ ስንጠብቅ፣ «እዚያ ግጥም ውስጥ ልጁን ያዳነ አባት የለም?» አልኳት። ለምን እንደጠየቅኩ አላውቅም።

«የሁሉም የበላይ የሆነው እንኳ አላዳነም» አለች። «ከሰው የወለደው ልጅ ነበረው፤ ሊሞት ሲል ላውጣው ብሎ አሰበ። ሌሎቹ፣ አውጣው፣ እኛም የየራሳችንን እናወጣለን አሉት። ተወው። ያደረገው ነገር ቢኖር የደም ዝናብ ማዝነብ ነው።»

«ታዲያ የበላይ መሆኑ ምን ረባው?»

«ምንም። ለዚህ እኮ ነው ግጥሙ ስለሱ ያልሆነው። ስለ አንድ ሽማግሌ ነው።» ዱላዋን ወደኔ አዞረች። «አንተ ራስህ ሄደህ ኦቦ ጉደታን ታያቸዋለህ።»

«አብደሻል? አባት አይሄድም። ሽማግሌ ነው የሚሄደው።»

«ያ ሽማግሌ ሄዷል። የልጁን ሬሳ ሊለምን፣ ልጁን የገደለው ሰው ድንኳን ድረስ፣ በጠላት መሃል አቋርጦ።»

«እሱ የሟች አባት ነው። እኔ የገዳይ አባት ነኝ፤ ግጥምሽ ተገልብጧል።»

«ተገልብጦም ያው መንገድ ነው።»

«ደግሞ ብቻውን አልሄደም አላልሽኝም? አንድ አምላክ ሰው መስሎ አጅቦታል።»

«እኔ አጅብሃለሁ» አለች። ባጃጁ ሲመጣ እግሯን ለማስገባት ሁለት ጊዜ ሞከረች። እንዲህ ያለ አምላክ ነው እንግዲህ የደረሰኝ።

በማግስቱ በጠዋት ተነሣን። ድንጋይ በጫንቃዬ ተሸክሜ ልገባ አስቤ ነበር፤ የድሮ ሰው ይቅርታ ሲለምን እንደሚያደርገው። ግቢዬን ዞሬ ወገቤ የሚችለውን ድንጋይ ብፈልግ የተገኘው የጡጫዬን አያክልም። ይህን ተሸክሜ ብገባ ልወረውር የመጣሁ ይመስላቸዋል ብዬ ተውኩት። ከሰበታ ወደ ከተማ፣ ከከተማ ወደ ሱሉልታ፤ ታክሲ በተቀያየረ ቁጥር የምለውን እየረሳሁት እንደገና አጠናለሁ። ሽቅብ ስንወጣ ባሕር ዛፎቹ አንድ በአንድ መጥፋት ጀመሩ። ከዚያ መንገዱ ጠፋ። ሹፌሩ መብራት አብርቶ እንደ ሽማግሌ ይሄዳል፤ እኔ ግን ፍሬን የሌለበት ወለል እየረገጥኩ ነበር።

ዘይነባ በጣቷ መስኮቱን ነካች። «ያውልህ ተከሳሹ» አለች።

የኦቦ ጉደታ ግቢ ከአስፋልቱ ገባ ይላል። ውሻ ይጮሃል፤ የት እንዳለ ግን አይታይም። አጥሩ ጋ ስንደርስ ዘይነባ ቆመች።

«ግባ» አለችኝ።

«አንቺስ?»

«አጃቢው በር ላይ ነው የሚመለሰው። በግጥሙም እንደዚያ ነው። እስከ ድንኳኑ አደረሰውና ተሰወረ።»

«ለምን? ዋናው ጭንቅ ያለው ውስጥ አይደለም?»

ሻሿን አጠበቀች። «እሱ መሃል ላይ ቢቀመጥ ሁለቱም እሱን ያያሉ። እርስ በርሳቸው አይተያዩም። ከዚህ በኋላ የሰው ሥራ ነው፣ ጋሽ ታደለ።»

ሰው በሌለበት ጋሽ ታደለ ያለችኝ ያን ቀን ብቻ ነው። ይበልጥ ፈራሁ።

ገባሁ። አንድ ረጅም ሽማግሌ ዱካ ላይ ተቀምጠው ቢዶን ያጥባሉ። ከቢዶኖቹ አንዱ ጎኑ ገብቷል። የትኛው እንደሆነ ማንም ሊነግረኝ አላስፈለገም።

«አካም ጅርቱ» አሉኝ ቀና ሳይሉ፤ ወተት ሊገዛ የመጣ መስያቸው።

ያጠናሁት ሁሉ ጠፋ። ተንበረከክሁ። «የብሩክ አባት ነኝ» አልኩ። «የሹፌሩ።»

እጃቸው ቢዶኑ ውስጥ ቆመ።

«ጭጋግ ነበር» አልኩ። «ግን ጭጋጉ መኪና አይነዳም። ልጄ ከፊቱ ያለውን ሊቀድም ወጣ። አያይም ነበር፤ እያወቀ ወጣ። እግሩ ነዳጁ ላይ ነበር። ሰይጣን አላሳሳተውም፣ እግዜርም አላዘዘውም። ቸኩሎ ነው።»

እጃቸውን ከቢዶኑ አወጡ። አሁን ያለቀልኝ መሰለኝ፤ ጭጋጉን ባመጣው ይሻል ነበር አልኩ በልቤ።

«ወዴት ነበር የሚቸኩለው?» አሉኝ።

«ሣር ሊጭን።»

«ሣር።» ጎኑ የገባውን ቢዶን ወደ ራሳቸው ሳቡት። «ሣር እኮ አይሸሽም።»

እሳቸው ይህን ብለው አለቀሱ። ድምፅ የለውም፤ ትከሻቸው ብቻ ነው። እኔም አለቀስኩ። ለማን እንደሆነ አትጠይቁኝ። ለለሚ ነው ብል ደስ ባለኝ። ለብሩክም ነበር፣ ለራሴም ነበር።

እንባዬን ጠርጌ ልነሣ ስል ጉልበቴ እንቢ አለ። አንድ እጄን መሬት ላይ አድርጌ ሞከርኩ። ጭራሽ በጎኔ ልወድቅ ሆነ። በሰው ሐዘን መሃል እንዲህ ያለ ውርደት አይታችሁ እንደሆነ። ኦቦ ጉደታ ያዩኛል። ከዚያ ተነሡ፤ መጡ፤ እርጥብ እጃቸውን ብብቴ ውስጥ አስገብተው አነሡኝ።

«የስፖርት መምህር ነበርኩ» አልኳቸው። ምን ሰይጣን እንዳናገረኝ፤ ይቅርታ፣ እኔው ነኝ የተናገርኩት።

«አያስታውቅም» አሉ።

እስክረጋ ድረስ አልለቀቁኝም። ከዚያ ወደ ዱካቸው ተመለሱና ጀርባቸውን ሰጥተውኝ፣ «ሽማግሌዎቹን ላክ። ጭጋጉን ግን ይዘውት እንዳይመጡ» አሉ።

ስወጣ ዘይነባ በሩ ላይ የለችም። ጭጋጉ ውስጥ ስሟን ብጠራ መልስ የለም። መንገዱ ቅርብ ነው፤ መኪኖች ያልፋሉ፤ ድምፃቸው እንጂ አካላቸው አይታይም። ያን ያህል መሮጥ የምችል አይመስለኝም ነበር። አስፋልቱ ዳር ካለች አንዲት ኪዮስክ ጣሪያ ሥር ቆሎ እየቆረጠመች አገኘኋት።

«ተሰወርሽ እንዴ?» አልኳት ትንፋሼ ተቆራርጦ።

«በረደኝ» አለች። ከዚያ ፊቴን አየችው። «አነሣህ?»

«ማን ነገረሽ?»

«በግጥሙም ያነሣዋል። እጁን ይዞ።»

«እኔን ያነሡኝ እኮ ጉልበቴ ስለተያዘ ነው። ወድጄ መሰለሽ የቆየሁት?»

«ጉልበትህን ማን እንደያዘው አትጨነቅበት» አለች፤ ጠመኔ ስለሌላት በአንዲት የቆሎ ፍሬ ወደ ላይ አመለከተች። «እጁ ግን የሰውየው ነው።»

ጉማው ወረደ። አቶ ሰይፉ ንግግራቸውን አሳጥረው ሄዱ። ብሩክ ፍርድ ቤት የፈረደበትን ጨርሶ ወጣ፤ አሁን ቡራዩ አንድ ጋራዥ ውስጥ ፍሬን ይሠራል። መኪና አይነዳም። እኔ ግን ስልክ ሲጠራ አሁንም እፈልገዋለሁ፤ ዕርቅ ልብ ውስጥ ያለውን ደወል አይነቅልም።

ዛሬ ከአስር በኋላ ዘይነባን ቀበርናት። ጥርሴን አድርጌ ሄድኩ። ብሩክ ቃሬዛውን ከተሸከሙት ጋር ነበር፤ ዓለም ገና ያለው ባጃጅ ሁሉ ቆሞ አሳለፋቸው። የመቃብሩ በር ላይ ስደርስ ቆምኩ። ሸምሱ ዞሮ፣ «ግባ እንጂ፣ ጋሽ ታደለ» አለኝ። «እዚሁ ልሁን» አልኩት። በሩ ሥር ያለ ድንጋይ ላይ ተቀመጥኩ። ውስጥ የአካፋውና የአፈሩ ድምፅ ይሰማል። ከበሩ በኋላ የሰው ሥራ ነው ብላኝ ነበር። ከዚህኛው በር በኋላ የማን ሥራ እንደሆነ ግን አልነገረችኝም፤ እኔም በጊዜው አልጠየቅኳት። ቀና ብዬ ወደ ላይ አየሁ። ጥርት ያለ ሰማይ ነው፤ የሚከሰስ አንድ ደመና የለበትም።

ሰው መውጣት ጀመረ። ብሩክ ከመጨረሻዎቹ ጋር መጣ።

«አባዬ፣ ለምን አልገባህም?»

«አጃቢ በር ላይ ነው የሚመለሰው» አልኩትና ልነሣ ሞከርኩ። ጉልበቴ ያው ነው።

ብሩክ እጁን ዘረጋልኝ። አፈር ነበረበት። ሊጠርገው ሲል ያዝኩት።